ከሁሉም መደብ የሚታይ ቴሌቪዥን

መስከረም 2

አሙንቤክ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ያለህበት ይመችህ፤ ብርዱም አይድረስብህ። እኛ አለን። ድንቹን አውጥተን ጨርሰናል፤ ዘንድሮ ትንንሽ ነው፣ ግን ብዙ ነው። እኔ የመጨረሻውን ክፍል ጀምሬያለሁ። የሒሳብ መምህሩ አሁንም እየተሳሳተ በአንተ ስም ይጠራኛል። ከዚያ ይደነግጥና ጠመኔ መፈለግ ይጀምራል፣ ጠመኔው በእጁ እያለ።

የምነግርህ ነገር ቤታችን እስካሁን አለመከፈቱን ነው። ናዳው መኪናህ ላይ ከወረደ ወዲህ አርባህም አለፈ፣ በጋውም አለፈ፤ ከቤታችን ግን የዘፈንም የቴሌቪዥንም ድምፅ አልወጣም። እኛ ካልከፈትን ደግሞ ጎረቤት አይከፍትም። የሽማግሌው የሾናዛር ሚስት የሞተች ጊዜ፣ እሳቸው ቤታቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ኳሱን ወንዝ ተሻግረህ ስታይ አልነበር? አሁን በእኛ ምክንያት መንደሩ ሁሉ ወንዝ ይሻገራል።

ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ባክትበጊም መጡ። ትኩስ ዳቦ ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ የታመመ ሰው የሚጠይቁ መስለው።

«ናክበጊም እህቴ፣ የልጄ የሺሪንሞ ነገር ነው» አሉ። «ሙሽራው ከሩሲያ የመጣው ለሠርጉ ብሎ ነው። በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው ካልወሰዳት ብቻውን ይመለሳል። አንቺ ቤትሽን ሳትከፍቺ ደግሞ እኔ ከበሮ አላስመታም። ይህን እንኳ አልልሽም ነበር።»

እማዬ ዳቦውን በጨርቁ መልሳ ሸፈነችው። «በምን ልክፈተው? ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል።»

«ሬዲዮስ?»

«በዚህ ቤት ሲዘፍን የነበረው የአሙንቤክ ስልክ ነው።»

የቴሌቪዥኑ መበላሸት እውነት ነው። ያ ሆዱ ከኋላ የወጣው ቴሌቪዥናችን ስታበራው መሃሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር አስምሮ ይቀራል። እማዬ ግን መበላሸቱን እንደ በር መዝጊያ ተደግፋበታለች። እኔም ሳላስበው «እንግዲያው አዲስ እንገዛለን!» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የእማዬን አስተያየት ልነግርህ አልችልም።

ስለዚህ ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ላለው፣ በዚሁ ቤታችን ላደገው ለእማዬ የአክስት ልጅ፣ ለአጎት ሚርዞናቦት እጽፋለሁ። በስልክ እንዳልጠይቀው ቤታችን ያው አንድ ክፍል ነው፤ በሹክሹክታ የጠየቅሁትን እማዬ ካለችበት ሆና ትመልስልኛለች። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ካለበት ከትምህርት ቤት እልክለታለሁ።

ታናሽህ ኖዚርሾ

—

መስከረም 3

ለተከበሩ አጎቴ ሚርዞናቦት፣

ያ አሊ መደድ። ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው እግሩ አይክዳው፤ ጤናዎም ይጠበቅ። እናቴ ሰላም ብላዎታለች። እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ደብዳቤ አታውቅም፣ ግን ብታውቅ ሰላም ትልዎት ነበር።

ቤታችንን ለመክፈት ቴሌቪዥን ያስፈልገናል። ከበረዶው በፊት መሆን አለበት፤ የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ በእኛ ተይዟል። የሠርጉ ነገር እንኳ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ክረምት እንዲህ እንደተዘጋን ከመጣብን እናቴ ከዚያ በኋላ የምትወጣ አይመስለኝም።

ወደ ኾሮግ ከተማ ገበያ ወርጄ አንድ ሻጭ ብጠይቅ «ኤልኢዲ ነው፣ ኪውሌድ ነው ወይስ ኦሌድ?» አለኝ። የሦስት ወንድማማቾች ስም መሰለኝ። የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝ። ከድንቹ ሽያጭ የተረፈን ትንሽ ነው፤ ለትንሹ ቴሌቪዥን እንኳ ግማሽ ቢሆን ነው። የሚችሉትን ቢጨምሩልን እግዚአብሔር በሌላ በኩል ይተካልዎ።

ኖዚርሾ

—

መስከረም 6

ለልጄ ለኖዚርሾ፣

ያ አሊ መደድ። ዕድሜህ ይርዘም፤ ለእናትህ ምርኩዝ ያድርግህ። ገንዘቡን አታስብ! ትልቁን፣ ግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍነውን ነው የምንገዛው። ለአሙንቤክ ቤት ትንሽ ነገር አይገባም።

በጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ በትክክል የሚያውቅ ሰው ጠይቀሃል። ከምንሠራው ሕንፃ ሥር የቴሌቪዥን መደብር አለ። ከሥራ ስወጣ እዚያ ገብቼ እሞቃለሁ። ሻጯ ለምዳኛለች፤ «ዛሬስ ልትገዛ ነው ወይስ ልትሞቅ?» ትለኛለች።

ኦሌድ የሚሉት እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ የምትበራበት ነው። ጨለማ ሲመጣ ነጥቧ ጭልጥ ብላ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው። ዋጋው ግን የምታለብ ላም ነው። አንድ ምስል ብዙ ከቆመበትም ጥላው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል ይላሉ። እሱን ተወው። ኤልኢዲ የሚሉት ደግሞ መብራቱ ከኋላ ነው፤ መጋረጃ ዘርግተህ ከጀርባው ፋኖስ እንዳስቀመጥክ አስብ። ኪውሌድ ያው ኤልኢዲ ነው፤ ቀለም የሚያደምቅ ስስ ሽፋን ገብቶበት ስሙም ዋጋውም ረዘመ። ስሙ ከኦሌድ ስለገጠመ አንድ ዘር ናቸው ብሎ ሻጭ እንዳያታልልህ።

አሁን ዋናውን ስማ። ኤልኢዲም ሁለት ዓይነት ገጽ አለው። አንደኛው ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይመስላል። ሁለተኛው ጥቁሩ አመድማ ነው። የእናንተ ቤት ብርሃኑ ከጣሪያ ብቻ ስለሆነ ይጨልማል፤ በጨለማ ቤት ደግሞ አመዱ ያስጠላል። ስለዚህ ጥቁሩ ጥልቅ የሆነውን ውሰድ። ጉዳዩ አለቀ።

እናትህ ትበላለች? ይህን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ሚርዞናቦት

—

መስከረም 14

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ለቃልዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ። እናቴ እኔ እያየኋት ትበላለች። ሳላያት ግን እንጃ።

ያሉትን ይዤ ኾሮግ ወርጄ ነበር። ሻጩ አሊዶድ ይባላል። «ምን ፈለግክ ጎበዝ?» አለኝ።

«ቴሌቪዥን።»

«እሱንማ አየሁ፣ ዳቦ ቤት አልገባህም። የትኛውን?»

ጥቁሩ ጥልቅ የሆነውን ከፈተልኝ። ዘፋኝ ነበረች፤ ፀጉሯ ፊት ለፊት ሲታይ እንዳሉት ሌሊት ነው። ከዚያ እኔ ወደ ግራ ሄድኩና ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አልኩ። ከዚያም በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልትሰርቀኝ ታደባለህ?»

«እናቴ የምትቀመጠው እዚህ ነው።»

«እናትህ በእኔ በር ላይ ነው የምትቀመጠው?»

«በእኛ በር ላይ።»

መቀለዱን ተወ። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና አብሮኝ አየ። የዘፋኟ ፊት ወተት የተደፋበት መስሏል። «አየህ፣ ይቺ ከጎን ሲያዩዋት ትታመማለች» አለኝ። ሌላውን ከፈተ። «ይቺኛዋ ደግሞ ከየትም ብታያት ጤነኛ ናት፤ ፀጉሯ ግን ሸብቷል።»

አጎቴ፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ያሰቡት አንድ ሶፋ ፊት ለፊት የተቀመጠበትን ቤት ነው። የእኛ ቤት ውስጥ ሰው በአራቱም መደብ ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው። ፊት ለፊት የሚቀመጥ እንግዳ ነው። እናቴ ደግሞ ከሚያዝያ ወዲህ ከምድጃው አጠገብ ተነስታለች። አሁን የምትውለው በሩ አጠገብ፣ አሙንቤክ ጫማውን ያወልቅበት በነበረው ጠባብ መደብ ላይ ነው። እርስዎ የመረጡትን ከገዛሁ እንግዳው ሌሊቱን ያያል፤ እሷ ወተቱን ታያለች።

ምን ላድርግ? መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።

ኖዚርሾ

—

ጥቅምት 2

አጎቴ፣ ደህና ነዎት? የመስከረሙ ደብዳቤዬ አልደረሰዎት ይሆን ብዬ ደግሜ ልኬዋለሁ። ተራራው ጫፉ ነጭ ሆኗል። የእትዬ ባክትበጊም ባል አጎት ኦዲናሾ በቤታችን ሲያልፉ በእግር ጣታቸው ነው የሚረግጡት፤ ያን የሚያህል ሰውዬ! አይጠይቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖዚርሾ

—

ጥቅምት 21

ለልጄ ለኖዚርሾ፣

ጤና ይስጥህ፤ መዘግየቴንም ይቅር በለኝ። መንገዴ ተቀይሯል፤ በዚያ መደብር በኩል ከእንግዲህ አላልፍም።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነህ። አራቱንም መደብ ረስቼው! እዚህ ሰው አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ነው፤ ያለው ማያ ቦታም አንድ ነው። እንዲህ ስኖር ዓመታት አለፉና ቤት ማለት ይኸው መሰለኝ። ተወልጄ ያደግኩበትን ቤት አቀማመጥ ልጅ ያስተምረኝ? ጉድ ነው። ሸበቶዋን ግዛ።

መጠኑን በተመለከተ ደግሞ አስቤበታለሁ። ትልቅ ስክሪን በትንሽ ቤት ዓይን ያደክማል። ሠላሳ ሁለት ኢንች ይበቃችኋል፤ መብራት ሲደክምም ትንሹ ይሻላል። የቻልኩትን በሐዋላ ልኬያለሁ። በመጀመሪያ ያልኩህን ያህል አይደለም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ለእናትህም ትልቁን የተውነው ለዓይኗ ብለን ነው በላት።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ የደረቀ እንጆሪ ዱቄት ላክልኝ። ትንሽም ትሁን። እሱ ካለ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አጎትህ

—

ኅዳር 1

ለተከበሩ አጎቴ፣

ያ አሊ መደድ። ቤታችን ተከፍቷል! የላኩት በትክክል በቅቷል፤ ዱቄቱንም ቀድሞ ወደ ሩሲያ ከሚመለሰው ከሙሽራው አጎት ጋር ልኬያለሁ፣ ሁለት ከረጢት ነው።

አሊዶድ ሸበቶዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ስታብላይዘርም ጨመረልኝ። ጭኜ ስመጣ ሹፌሩ «ሕፃን ነው?» ይለኛል። ቤት ስደርስ እናቴ አላየችውም፤ ማለት አላየሁም አለች። እኔም በዋናው ግድግዳ አልሰቀልኩትም። በሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ ሳጥን ላይ አድርጌ ፊቱን ወደ በሩ ትንሽ አዞርኩት።

በማግስቱ እትዬ ባክትበጊም ከአጎት ኦዲናሾ ጋር መጡ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጸሎቱ ተደረገ። ቁልፉን የሚጫነው የቤቱ ሰው መሆን አለበት። ሪሞቱን ለእናቴ ዘረጋሁላት። እጇን ቀሚሷ ውስጥ አስገባች። «እኔ አልነካውም» አለች። «አንተም የዚህ ቤት ሰው ነህ።»

ተጫንኩት። አጎቴ፣ ዲሹን ነፋስ አዙሮት ኖሮ ምንም ጣቢያ የለም! ሁላችንም ባዶ ሰማያዊ ላይ አፍጥጠን ቀረን። አጎት ኦዲናሾ ሳል ጀመራቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ራሱ፣ ሰው ሳይነካው፣ በሱቅ ውስጥ ደንበኛ ለመሳብ የሚያሳየውን ጀመረ። ውሃ የሚንጠባጠብበት እንጆሪ፣ ባለ ነጠብጣብ ዓሣ፣ ከዚያ ስክሪኑን የሞላ በቀቀን። ሙዚቃውማ የሠርግ አዳራሽ ነው!

«ኧረ ዝጋው!» አሉ እትዬ ባክትበጊም ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው። «የሰው ሐዘን በዓሣ ይከፈታል እንዴ?»

ሪሞቱ ከእጄ ወደቀብኝ። ስፈልገው እናቴ «ተወው» አለች። አንገቷን አስግጋ አየች። ከዚያ «ይሄ ወፍ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«በቀቀን ነው።»

«ማን ነው እንዲህ የቀባው?»

«እንዲሁ ነው የተፈጠረው።»

«ከዚህ ሆኜ ሁሉም ቀለሙ ይታየኛል» አለች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። «እኔ እዚህ እንደምቀመጥ ለሻጩ ነገርከው?»

«ቁጢጥ ብዬ አሳየሁት።»

አለቀሰች። እስካሁን ስታለቅስ እንደነበረው ግን አይደለም፤ ድምፅ ነበረው። እትዬ ባክትበጊም አቀፏት። ካባራላት በኋላ «በይ፣ ከበሮሽን አስመቺ» አለቻቸው።

ወደ ደጅ ወጣሁ። የሙዚቃውን ድምፅ የሰማ አንድ ሕፃን «ከፈቱ! ከፈቱ!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ ከታችኛው ቤት ሬዲዮ ተሰማ። ከዚያ ከሾናዛር ቤት ዜና። ከዚያ የሆነ ሰው ሞተር ሳይክሉ ላይ ዘፈን ከፈተ። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ። ይህን ሁሉ ድምፅ እንደያዙልን አላውቅም ነበር።

ኖዚርሾ

—

ኅዳር 9

ለልጄ፣

እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! ብቻዬን ሳቅሁ፤ በቀቀን!

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለመጠየቅ ያህል ነው። በጓዳው በኩል ያለው አጭሩ መደብ፣ እኔ ልጅ ሆኜ የምተኛበት፣ አሁንም እንጨት ተከምሮበታል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። ለእናትህ አታንሳባት።

አጎትህ

—

ኅዳር 10

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንጨቱን ዛሬ አንስቼዋለሁ። ፍራሽም አድርጌበታለሁ። ከዚያ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ ቴሌቪዥኑ በደንብ ይታያል። መንገዱ በረዶ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው ይላሉ።

ለእናቴ አላነሳሁባትም። ፍራሹን ስዘረጋ ግን አይታ ትራስ ሰጠችኝ።

ኖዚርሾ

—

ኅዳር 18

አሙንቤክ ወንድሜ፣

እረፍትህ ይባረክ። ሠርጉ አለፈ። ከበሮው እጅግ ጮኸ፤ ብትኖር ከመጀመሪያው ረድፍ አትጠፋም ነበር። ሙሽራዋን የምትሸኘው ሴት ማን ትሁን ሲባል ሺሪንሞ «እትዬ ናክበጊም ካልሆኑ አልሄድም» ብላ ድርቅ አለች። እማዬ እምቢ ስትል፣ እነሱ ሲለምኑ ቆዩና ትናንት ወደ ሙሽራው ወላጆች ቤት አብራ ሄደች። ሳምንት ያህል ትቆያለች። በዚያው መንገድ፣ አንተ በሄድክበት። መኪናው ውስጥ ገብታ ሹፌሩን «ቀስ በል» ብቻ አለችው። እትዬ ባክትበጊምም አብረው ሄዱ። ከአጎት ሚርዞናቦት እስካሁን ወሬ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። በሕይወቴ በዚህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነቅቼ አላውቅም። ምሰሶዎቹ የተራራቁ መሰለኝ። እሳት አነደድኩ። ጨውና ቅቤ ያለበት የወተት ሻዬን አፈላሁ፤ በልማድ የሁለት ሰው ሆነ። እሁድ ነው፣ ትምህርት የለም። ሁለቱንም ጠጣሁት።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለቅሶ በተራ ነው አሙንቤክ። ተራው የእማዬ ነበር። እኔ ሳለቅስ ብትሰማኝ የእሷን ትታ የእኔን ትይዛለች፤ ከዚያ ማን ያነሳታል? ስለዚህ ጠብቄያለሁ።

ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ዲሹ ተስተካክሏል። አንዲት ሩሲያዊት ሊጥ እየዳመጠች ሥጋ ትጠቀልልበታለች። ጎረቤት እኔን እንዳይሰማ ድምፁን ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መደቡ ላይ በደረቴ ተደፋሁና ስምህን እየጠራሁ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ስለ ሽንኩርት ትጮሃለች፣ እኔ እጮሃለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሽንኩርቱ አልቆ ሌላ ፕሮግራም ገብቷል።

ከዚያ ግድግዳው በዱላ ተደበደበ።

«አንተ ልጅ!» አጎት ኦዲናሾ ናቸው። «ደንቁረሃል? ገና በጠዋቱ! ቀንሰው እንጂ፣ እኛስ ሰው አይደለንም?»

ቀና አልኩ። ከሚያዝያ ወዲህ በዚህ መንደር የተቆጣኝ ሰው የለም። ሁሉም እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው ነው የሚያናግረኝ።

«እሺ!» አልኳቸው፤ ድምፄ ጎርናና ሆኖ ወጣ።

«እሺ አትበለኝ፣ ቀንሰው!»

ሪሞቱን ከፍራሹ ሥር ፈልጌ አገኘሁትና ቀነስኩት።